ያላስተማራችሁት ሰው ለቡድናችሁ እንዲሰጥ፦ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስፖርት ለጋሽ የማፈላለግ አሠራር

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስፖርት የገንዘብ ነገር እንደ ድሮው አይደለም። በጁን 2025 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ስፖርተኞች ክፍያ ለማግኘት ባቀረቡት "ሃውስ" በሚባለው ክስ ላይ የተደረሰውን ስምምነት ፍርድ ቤት አጸደቀው። ከጁላይ 1 ጀምሮ በስምምነቱ የገቡ ትምህርት ቤቶች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ትምህርት ቤት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ወደ አሜሪካን ፉትቦልና ወደ ወንዶች ቅርጫት ኳስ ይሄዳል። ሯጩ፣ ዋናተኛውና የቴኒስ ልጅ የተረፈውን ይጠብቃሉ።

በየስፖርት ክፍሉ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ "የቀድሞ ተማሪዎቻችንን እንጠይቅ" የሚል ነው። ጥሩ ነው። ግን እነዚያኑ ሰዎች የሕግ ትምህርት ቤቱም ይጠይቃቸዋል፣ ቤተ መጻሕፍቱም ይጠይቃቸዋል፣ የፕሬዚዳንቱም ቢሮ ይደውልላቸዋል። እኔ የምጽፈው እዚያ ግቢ አንድ ቀን እንኳ ስላልተማረው ሰው ነው። አንባቢዎቼም በረዳት አሰልጣኝነት፣ በቢሮ ሠራተኝነት ወይም በበጎ ፈቃድ ቡድን የምታግዙ ወገኖች ናችሁ ብዬ አስባለሁ።

ተማሪ ያልነበረ ሰው ለምን ይሰጣል? ኖተርዳምን ተመልከቱ። በ1920ዎቹ ኖተርዳምና የጦር ኃይሉ አካዳሚ ቡድን ኒውዮርክ ላይ ሲጋጠሙ ስታዲየሙን የሚሞላው በከተማ ባቡር የሚመጣው የአይሪሽ፣ የጣሊያንና የፖላንድ ስደተኛ ሠራተኛ ነበር። አብዛኛው ኮሌጅ የሚባል ነገር ደጁን አልረገጠም። ካቶሊክ ስለሆነ ግን ቡድኑን የራሱ አደረገው። እስከ ዛሬም "የባቡሩ ተመራቂዎች" ይሏቸዋል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በዚያው ኖተርዳም ማሊያ የኢትዮጵያውያን ልጅ ያሬድ ንጉሤ ሮጠ። በ2019 በ1500 ሜትር የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2024 ደግሞ ፓሪስ ላይ የኦሊምፒክ ነሐስ ወሰደ። ያኔ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብሎ የጮኸው አበሻ ኖተርዳም የት እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው የሚመጣው በዲፕሎማ ሳይሆን በሰው በኩል ነው። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ይህን የሰው ገመድ ፈልጎ መያዝ ነው።

አንድ። ብሩ የሚገባበትን ቦታ አስተካክሉ

ማንንም ከመጠየቃችሁ በፊት ቼኩ በማን ስም እንደሚጻፍ እወቁ። ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ስጦታ የሚቀበሉት "ፋውንዴሽን" በሚባል ለብቻው በቆመ 501 ሲ 3 (ከግብር ነጻ የበጎ አድራጎት) ድርጅት በኩል ነው። እዚያ ውስጥ ለየቡድኑ የተለየ ፈንድ ሊኖር ይችላል። የእናንተ ቡድን ከሌለው አስከፍቱ። በጅምላ "ለስፖርት" ተብሎ የገባ ብር የት እንደደረሰ ለማሳየት ይቸግራል። ግቢውን የማያውቅ ሰው ደግሞ አጥብቆ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በአሰልጣኙ ስልክ በዜል ብር መቀበል የሚባል ነገር አይታሰብ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። "ስም ያለበት ባነር እንሰቅልልዎታለን" ብላችሁ ለነጋዴ ቃል ከመግባታችሁ በፊት የማስታወቂያ መብቱ የማን እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ይህን መብት እንደ ሊርፊልድና ፕሌይፍላይ ላሉ ኩባንያዎች ሰጥተዋል። ቃል ገብቶ መሻር ለጋሽ ያሳጣል።

ሁለት። ስሙን ከቤታችሁ አውጡ

ጀማሪ ሁሉ የሚያስበው ሀብታም ማደን ነው። አንድ ሚሊየነር እራት ጋብዞ መለመን። እኔ ግን መጀመሪያ ቲኬት ቢሮ ግቡ ነው የምለው። የሲዝን ቲኬት ገዢዎችን ዝርዝር ከፋውንዴሽኑ መዝገብ ጋር እንዲያስተያዩላችሁ ጠይቁ። "ተመራቂ" የሚል ምልክት የሌለበት ስም ሁሉ ተለይቶ ይውጣ። እነዚህ ሰዎች ማንም ሳይለምናቸው ገንዘባቸውን አውጥተው የሚመጡ ናቸው። አንዳንዱ ለዓመታት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አንድም ሰው ስሙን ጠይቆት አያውቅም።

ከዚያ የበጋ ስፖርት ካምፕ ልጅ ያስመዘገቡ ወላጆችን፣ የአሁኖቹንና የቀድሞዎቹን ስፖርተኞች ወላጆች፣ ጡረታ የወጡ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞችን፣ ግቢው ውስጥ በተደረገ የ5 ኪሎ ሜትር ሕዝባዊ ሩጫ የተመዘገቡ የሰፈር ሰዎችን ጨምሩ። ከዝግጅት ቀን በር ላይ የተሞላ ወረቀት ካለ እሱንም አትጣሉ።

አበሻ የበዛበት ከተማ ከሆናችሁ መዝገቡን በዓይናችሁ እዩት። ለኮምፒውተሩ ብቻ አትተዉት። የአሜሪካ ዳታቤዝ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስትን አንድ ቤት የሚያደርጋቸው የመጨረሻ ስማቸው አንድ ሲሆን ነው። አቶ ተስፋዬ ከበደ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ወልዴ፣ ልጃቸው ሳሙኤል ተስፋዬ በአንድ ጣሪያ ሥር እያሉ መዝገቡ ላይ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ይሆናሉ። ተስፋዬ ራሱ በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ሦስት ተስፋዬ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የምስጋና ደብዳቤ "ውድ ሚስተር ከበደ" ተብሎ ይደርሳቸዋል። ከበደ አባታቸው ናቸው፤ ካረፉ ቆይተዋል። እንዲህ ያለውን የሚያርም ሰው ቢሮው ውስጥ ከእናንተ ሌላ ላይኖር ይችላል። መዝገቡ ላይ "እንዴት ይጠሩ" የሚል ቦታ አለ። እዚያ "ተስፋዬ" ብላችሁ አስጽፉ፣ ባልና ሚስቱንም አስተሳስሯቸው። አንድ ከሰዓት የሚወስድ ሥራ ነው።

ሦስት። ሰውየው በምን በኩል እንደመጣ ለዩ

ወላጅ በልጁ በኩል ይመጣል። ነጋዴ በደንበኞቹ በኩል። የሰፈር ሰው ቡድኑ የከተማው ስለሆነ ይመጣል። የስፖርቱ አፍቃሪ ደግሞ ማን ይሩጥ ማን፣ ሩጫ ከሆነ ይመጣል። ለአራቱም አንድ ደብዳቤ መላክ ለማንም እንዳልላኩ ነው።

የሰፈሩን ሰው አትናቁ። ነብራስካ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ግዛት ናት። የፕሮፌሽናል ፉትቦል ቡድን የላትም። የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ግን ከ1962 ጀምሮ ለፉትቦል ቲኬቱ እያለቀ ነው። በኦገስት 30 ቀን 2023 እዚያው ስታዲየም ለሴቶች መረብ ኳስ 92,003 ሰው ገባ። ይህን ሁሉ ሰው ዩኒቨርሲቲው አላስተማረውም። ገበሬውም፣ የከባድ መኪና ሾፌሩም "የኛ" ይላል። ትንሽ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት ይህን ዓይነት ፍቅር በልኩ ሊያገኝ ይችላል።

ነጋዴን ስትጠይቁ ብሩ የሚወጣው ከልግስና ኪስ ይሁን ከማስታወቂያ በጀት ለዩ። ሁለቱ የተለያዩ ውይይቶች ናቸው። አልበርትሰንስ የተባለው የግሮሰሪ ኩባንያ በ2014 የቦይዚ ስቴትን ስታዲየም ስም ለ15 ዓመት በ12.5 ሚሊዮን ዶላር ሲወስድ የገዛው ስሙ የሚታይበትን ቦታ ነው። የናንተ ሰፈር ጋራዥም በልኩ የሚፈልገው እሱን ሊሆን ይችላል። ስንት ሰው ይመጣል? ከየት ሰፈር? ልጆች የያዘ ቤተሰብ ነው? መልሱን ይዛችሁ ሂዱ።

ወላጅ ላይ ግን ጥንቃቄ። ገና በመመልመል ላይ ያለ ልጅ ወላጅ ፈጽሞ አይጠየቅም። በማርች 2019 "ቫርሲቲ ብሉዝ" ተብሎ የወጣው ቅሌት ይኸው ነው፤ ሀብታም ወላጆች በአሰልጣኞች በኩል ከፍለው ልጆቻቸውን ስፖርተኛ አስመስለው አስገቡ፣ ፌዴራል መንግሥት ከሰሳቸው። ልጁ ገብቶ አንድ ዓመት ይቆይ፣ ወላጁም ቡድኑን ይልመድ። ሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ መጠየቅ ደህና ነው። ስትጠይቁም አሰልጣኙ ባይጠይቅ እመርጣለሁ። "ልጄን እንዲያሰልፍልኝ ነው" የሚል ሐሳብ እንዳይገባ።

አራት። ደግነቱ ሕግ እንዳይጥስ

ይህን ክፍል በደንብ አንብቡት። አበሻ ለጋሽ ላይ ችግር የሚመጣው በንፉግነት አይደለም፤ በደግነት ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሲያትል ያለ አንድ የምግብ ቤት ባለቤት አስቡ። ቡድኑ ውስጥ ሁለት የአገር ልጆች እንዳሉ ሰማ። 300 ዶላር ሰጠ። ከዚያ "ልጆቹ ሁሌ መጥተው ይብሉ፣ ከነሱ ሒሳብ አልቀበልም" አለ። ምን ችግር አለው? እንጀራ እኮ ነው!

ችግር አለው። ያን 300 ዶላር በሰጠ ቀን በኤንሲኤኤ (የዩኒቨርሲቲ ስፖርትን በሚመራው ማኅበር) ደንብ ዓይን "ቡስተር"፣ ማለትም ደንቡ የሚመለከተው የቡድን ደጋፊ ሆኗል። ቡስተር ለስፖርተኛ የሚያደርገው ነገር ገደብ አለው፣ ገና ያልገባ ተመልማይን ማግባባትም አይችልም። በነጻ የተበላ በየዓይነቱ ልጁን ከውድድር ሊያስወጣው ይችላል። ሰውየው ይህን ከየት ያውቃል? መንገር የናንተ ሥራ ነው፤ ቼኩን በተቀበላችሁ ቀን በአማርኛ ንገሩት።

አይሆንም ብላችሁ ግን አትመልሱት። "ኮምፕላያንስ" የሚባለው፣ የደንብ መከበርን የሚከታተለው ቢሮ ጋ በኢሜይል ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። ብዙ ጊዜ መፍትሔ አለ፦ ምግቡ ግቢ ውስጥ ይምጣ፣ ለሁለቱ ሳይሆን ለቡድኑ ሁሉ ይቅረብ፣ በስፖርት ክፍሉ በኩል ይመዝገብ። ፈረንጆቹም ሽሮ ይቀምሱ።

ከዚህ የሚብሰው "ለዚያ ልጅ ስጡልኝ" የሚለው ነው። እኛ ስንሰጥ ለሰው ነው የምንሰጠው፤ ፈንድ የሚባል ነገር ልብ አይነካም። ነገር ግን በስም ለተጠቀሰ ተማሪ የተሰጠ ብር በግብር ሕጉ እንደ በጎ አድራጎት ስጦታ አይቆጠርም፣ ስኮላርሺፑን ማን እንደሚያገኝም ለጋሹ አይመርጥም። ስለዚህ የልጁን ታሪክ ተናገሩ፣ ብሩን ግን ወደ ቡድኑ ፈንድ ውሰዱት። "እሱን የመሰሉ ልጆች እንዲመጡ" ማለት ትችላላችሁ። እውነትም ነው።

ነጋዴው ስፖርተኛውን ለማስታወቂያ ልቅጠረው ካለ ይህ ስጦታ ሳይሆን ንግድ ነው። ከ2021 ጀምሮ ስፖርተኞች ስማቸውንና ምስላቸውን መሸጥ ይችላሉ። በዲቪዥን ዋን (በከፍተኛው የውድድር ደረጃ) 600 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ውል "ኒል ጎ" በሚባለው ሥርዓት መመዝገብ አለበት። ከኢትዮጵያ በኤፍ ዋን የተማሪ ቪዛ የመጣ ሯጭ ከሆነ ግን ቪዛው ሥራን ስለሚገድብ፣ የውጭ ተማሪዎች ቢሮና የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያዩት አንድም ፎቶ አይነሣ።

ለወንዶቹ ቡድን ብቻ ጫማ ልግዛ የሚል ለጋሽ ሲመጣም አስቡ። "ታይትል ናይን" የሚባለው፣ በትምህርት ቤት የፆታ አድልዎን የሚከለክለው የ1972ቱ ሕግ ብሩ ከውጭ መጣ ብሎ አይምርም። ወንዶቹ ያገኙት ጥቅም ሴቶቹ ጋ ከጎደለ ዩኒቨርሲቲው ማካካስ አለበት። የወንድና የሴት ሩጫ ቡድን አንድ ፈንድ ቢኖራቸው ነገሩ ይቀላል።

አምስት። መጠየቅ

መጀመሪያ ይምጡና ይዩ። የአገር አቋራጭ ውድድር በመጸው ነው፣ መግቢያውም ብዙ ቦታ ነጻ ነው። ከኮረብታው ሥር ቆሞ ልጆቹ በአጠገቡ ሲያልፉ ትንፋሻቸውን የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቀኑን ስትመርጡ ግን የኛን ካላንደር እዩ። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነው። ከጨዋታ በፊት መኪና ማቆሚያው ላይ የሚጠበሰው የአሳማ ጎድንና ቢራ ለብዙው እንግዳችሁ አይሆንም፤ ሁዳዴ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። ረመዳን በእነዚህ ዓመታት ክረምታቸው ላይ፣ ከቤት ውስጥ ውድድሩ ጊዜ ጋር ይገጥማል። የጾም ምግብ ያለበት አንድ ጠረጴዛ ማዘጋጀት ብዙ ወጪ የለውም።

ከዚያ ትንሽ፣ በዓይን የሚታይ ነገር ጠይቁ። የአውቶቡስ ወጪ። የውድድር መመዝገቢያ። ሹል ጫማ። አፍ መፍቻው ይህን ይመስላል፦

"ጋሼ፣ ባለፈው ቅዳሜ መጥተው ስላዩን እናመሰግናለን፤ ልጆቹ እስካሁን ያነሱታል። በሚመጣው ወር ሩቅ አገር ውድድር አለን። ለአውቶቡሱ የጎደለን 1,500 ዶላር ነው። ከዚያ ውስጥ 500ውን እርስዎ ይችሉልን ይሆን ብዬ ነው የደወልኩት።"

ከዚያ ዝም በሉ። ይሉኝታ የሚያጠፋን እዚህ ላይ ነው። ዝምታው ሁለት ሴኮንድ ሲሞላ "ካልሆነም ችግር የለም፣ የቻሉትን ያህል፣ ሃያም ትሁን" ብለን ራሳችን ዋጋውን እናወርዳለን። ሰውየው እኮ ገና እያሰበ ነበር። ቁጥሩን ተናገሩና ጠብቁ።

"እሺ፣ እናያለን" ካሉ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አትጫኑ፣ ግን ቀን ሳትይዙም አትዝጉ። "ከባለቤትዎ ጋር ይነጋገሩና ሐሙስ ልደውል?" በሉ፣ ሐሙስም ደውሉ። ባለቤታቸውን ማንሳቱ ለወግ ብቻ አይደለም፤ የብዙው ቤት ገንዘብ የሚወሰነው በጋራ ነው።

አንዴ ከሰጡ በኋላ ወርሃዊ ክፍያ አቅርቡላቸው። ይህ ለኛ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ዕድር በየወሩ ሲከፍል የኖረ ሰው 25 ዶላር በየወሩ ከካርዱ ቢቆረጥ አይከብደውም። በዓመት 300 ነው። ትልቅ የሚያስብ ለጋሽ ሲመጣ ስለ ቋሚ ፈንድ ንገሩት፦ ዋናው ሳይነካ በየዓመቱ የፈንዱን 4 በመቶ ገደማ ከትርፉ ማውጣት የተለመደ ነው። 25,000 ዶላር ቢቀመጥ በዓመት 1,000 ዶላር ይወጣዋል። ስሙ ደግሞ በእናቱ ሊሆን ይችላል። ይህን የመጨረሻውን መንገር አትርሱ።

አበሻ ለስፖርት አይሰጥም የሚላችሁ ካለ አትስሙት። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ጁላይ አካባቢ ውድድር ያዘጋጃል፤ በየከተማው ያለው ቡድን ማሊያ፣ ሆቴልና ትራንስፖርት በአብዛኛው የሚሸፈነው ከማኅበረሰቡ ኪስ ነው። ለጋሹ አለ። እናንተ ጋ ያልመጣው ማንም ስላልጠየቀው ነው።

ስድስት። የግብሩን ነገር በአጭሩ

እናንተ የግብር አማካሪ አይደላችሁም፤ ግን እነዚህን እወቁ። ድሮ ጥሩ ወንበር የመግዛት መብት ለማግኘት የተሰጠ ብር 80 በመቶው ከግብር ይቀነስ ነበር። ከ2018 ጀምሮ ቀርቷል። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ከ75 ዶላር በላይ ከፍሎ በምትኩ እራት ወይም ቲኬት ያገኘ ሰው ያገኘው ነገር ዋጋው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል። ከ2026 ጀምሮ ወጪ ዘርዝሮ የማያቀርብ ግብር ከፋይም እስከ 1,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት በጋራ እስከ 2,000 ዶላር የጥሬ ገንዘብ ስጦታ ማስቀነስ ይችላል። ይህ ለተራው ሰው የመጣ ነገር ነው፣ ብዙዎቹ ግን አልሰሙም። 70 ዓመት ተኩል የሞላቸው ለጋሾች ደግሞ ከአይአርኤ የጡረታ ሂሳባቸው በቀጥታ ወደ ፋውንዴሽኑ ማስተላለፍ ይችላሉ፤ በምትኩ ቲኬትም ሆነ እራት አይወስዱም።

መሥሪያ ቤታቸው የሠራተኛውን ስጦታ በእጥፍ የሚያሟላ ከሆነም ጠይቁ። ማይክሮሶፍት ከሚያደርጉት አንዱ ነው። ቲኬት ያስገኘ ስጦታን የማይቀበሉ ኩባንያዎች ስላሉ ደንቡን አስቀድማችሁ አንብቡ።

ሰባት። ሁለተኛው ስጦታ

በሁለት ቀን ውስጥ ደውሉ። ደረሰኙ ምስጋና አይደለም፤ ኮምፒውተር ነው የላከው። ከዚያ የተገዛውን ነገር አሳዩ፦ አውቶቡሱ ፊት የቆሙ ልጆች ፎቶ፣ ከጀርባው ላይ አንድ ሯጭ በእጁ የጻፋት ሁለት መስመር። ልጁ የአማርኛ ፊደል ከጻፈ ደግሞ፣ ቢሳሳትም፣ አታርሙት። ፎቶውን ከማውጣታችሁ በፊት የልጆቹን ፈቃድ ያዙ። የልጁን የፈተና ውጤት፣ ጉዳቱን፣ የትምህርት ነጥቡን ለለጋሽ አታውሩ፤ ፌርፓ የሚባል የተማሪ ምስጢር ሕግ አለ።

ብሩ ምን እንደሠራ ሳታሳዩ ሁለተኛ አትጠይቁ። ብዙ ቢሮ የሚያጠፋው ይህን ነው፤ በሴፕቴምበር ተቀብሎ ዲሴምበር ላይ እንደገና ይለምናል፣ በመካከሉ አንድ ቃል የለም።

ወላጆችን በተመለከተ ደግሞ ልጁ ሲመረቅ ገመዱ ይላላል። ስለዚህ በአራተኛው ዓመት፣ የመጨረሻው የሜዳ ላይ ውድድር ቀን ሳይደርስ፣ ከአዲስ ገቢ ልጅ ወላጆች ጋር አስተዋውቋቸው። የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት እንዳለፉት እንዲነግሯቸው ጠይቁ። ልጃቸው ከሄደ በኋላ የሚደውልላቸውም ሰው ከአሁኑ ይታወቅ፤ አሰልጣኝ ይቀያየራልና ስሙን መዝገቡ ላይ አስጽፉት።